የእንጨት ማውጫ ዱካን ወደ መኪና መንገድ ስለመለወጥ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

በአዊ ዞን፣ በፋግታ ለኮማና በአጎራባች ወረዳዎች፣ ቀደም ሲል እህል ይዘራባቸው የነበሩ ብዙ ማሳዎች ዛሬ ዲከረንስ የተባለው የግራር ዘር ዛፍ ደን ሆነዋል። ዛፉ ተተክሎ ከአራት እስከ ስድስት ዓመት ባለው ጊዜ ውስጥ ለከሰል ይደርሳል፤ ሲቆረጥም ግንዱና ከሰሉ በሰው ትከሻ፣ በአህያና በጋሪ፣ በበጋ ደግሞ በአይሱዙ ጭምር ወደ ዋናው መንገድ ይወጣል። ይህ እንቅስቃሴ በየዳገቱ ብዙ ዱካ ትቷል። የባሕር ዛፍና የፈረንጅ ጥድ በሚለማባቸው ሌሎች ደጋማ አካባቢዎችም ሁኔታው ተመሳሳይ ነው። ከዚህ በታች ያሉት ጥያቄዎች እንዲህ ያለውን ዱካ ከሰፊው ጥርጊያ መንገድ ጋር የሚያገናኝ፣ ክረምት ከበጋ የሚያሳልፍ የአፈር መንገድ ለማድረግ የሚያስቡ አርሶ አደሮች፣ ማኅበራትና የቀበሌ አመራሮች በብዛት የሚያነሷቸው ናቸው።

ዱካው በበጋ አይሱዙ ያስገባል፤ በክረምት ግን ጋሪ እንኳ አያልፍበትም። ችግሩ ምንድን ነው?

ችግሩ ውሃ ነው፤ በተለይም ውሃው ወደ ዱካው የሚገባበት መንገድ እያለው የሚወጣበት የሌለው መሆኑ ነው። ግንድ በተጎተተ ቁጥር የላይኛው አፈር ይገፈፋል፤ ጎማ በተመላለሰ ቁጥርም ሁለት ጉድባ ይቆፈራል። በዚህ ምክንያት ዱካው ከአራትና ከአምስት ዓመት በኋላ በግራና በቀኙ ካለው መሬት ዝቅ ብሎ ይገኛል፤ ማንም ሳያስበውም የውሃ መውረጃ ቦይ ሆኗል ማለት ነው። የአካባቢው ቀይ አፈር ሳይነካ ሲቀር ውሃ በደንብ የሚያሰርግ ቢሆንም፣ በእርጥበቱ ሲረገጥና ሲላወስ ግን ሥሪቱ ፈርሶ ላዩ እንደ ሳሙና ያንሸራትታል።

በዳገት ላይ ውሃው እየተከማቸ በሄደ መጠን ፍጥነቱ ይጨምራል፤ ፍጥነቱ እጥፍ ሲሆን ደግሞ ጉልበቱ አራት እጥፍ ስለሚሆን ዱካው ወደ ቦረቦርነት ይለወጣል። በሜዳ ላይ ግን ያው ውሃ ተኝቶ ጭቃ ይፈጥራል። እነዚህ ሁለት ሕመሞች መድኃኒታቸው የተለያየ ነው። ብዙ ጊዜ ግን ለሁለቱም አንድ መልስ ብቻ ይሰጣል፤ እሱም ገንዘብ አዋጥቶ ገረጋንቲ ማስገልበጥ ነው። ውሃው መውጫ ሳይበጅለት የፈሰሰ ገረጋንቲ በዳገቱ በኩል ታጥቦ ይሄዳል፤ በሜዳው በኩል ደግሞ ወደ ጭቃው ይሰምጣል። ስለዚህ ገረጋንቲ የሥራው የመጨረሻ ምዕራፍ እንጂ የመጀመሪያው ሊሆን አይገባም።

ዱካው ያለበትን መስመር እንከተል ወይስ አዲስ እናውጣ?

ብዙውን ጊዜ ከፊሉን መከተልና ከፊሉን መተው ያስፈልጋል። ዱካውን ያወጡት ሰዎች ፍላጎታቸው ግንዱን በአጭር ርቀት ወደ ታች ማውረድ ስለነበር፣ መስመራቸው በአመዛኙ ቁልቁለቱን ቀጥ ብሎ የሚወርድ ነው። ለመጎተት የተመቸ መስመር ለመኪና አይመችም፤ ከሁሉ በላይ ግን ውሃን ለማስወገድ አይመችም። ቀጥ ብሎ በሚወርድ መንገድ ላይ ውሃው ወደ ጎን የሚፈስበት ዝቅ ያለ መሬት አያገኝም። ባለሙያዎች የሚጠቀሙበት ቀላል መመዘኛ የመንገዱ ቁልቁለት መንገዱ ከሚያልፍበት የተራራ ጎን ቁልቁለት ከግማሽ እንዳይበልጥ ማድረግ ነው። ከዚያ ከበለጠ ውሃው መንገዱን አቋርጦ ከመሄድ ይልቅ መንገዱን ይዞ መሄድን ይመርጣል።

በአኃዝ ሲገለጽ፣ ከ2 እስከ 8 በመቶ ያለው ቁልቁለት ምቹ ነው፤ እስከ 10 ወይም 12 በመቶ በጥንቃቄ ሊሠራበት ይቻላል። 15 በመቶ የሚደርስ ዳገት ግን ከ100 ሜትር ለበለጠ ርቀት ሊዘረጋ አይገባም፤ ላዩም ድንጋይ መነጠፍ ይኖርበታል። ፍጹም ሜዳ መሆንም በረከት አይደለም፤ ከ2 በመቶ በታች የሆነ መሬት ውሃ ያስተኛል።

ርቀቱ ይረዝማል የሚለው ቅሬታ ሁልጊዜ ይነሳል። ለምሳሌ 60 ሜትር የከፍታ ልዩነት ያለውን ጎን ቀጥ ብሎ በ25 በመቶ የሚወርደው ዱካ 240 ሜትር ያህል ይረዝማል። በ10 በመቶ እየተጠማዘዘ የሚወርደው አዲስ መስመር 600 ሜትር ይሆናል። ትርፉ 360 ሜትር ነው፤ ነገር ግን አጭሩ መንገድ በየዓመቱ እንደገና የሚሠራ ሲሆን ረጅሙ የሚጠገን ብቻ ነው። በሸንተረር ላይ ማለፍ የሚቻል ከሆነ ሸንተረሩ ከሁሉም ይሻላል፤ የሸለቆ ወለል ደግሞ ከሁሉም የከፋ ነው። ጥምዝ የሚደረገው ገር በሆነ መሬት ላይ ሆኖ ራዲየሱ ቢያንስ 15 ሜትር ቢሆን የተጫነ አይሱዙ ወደ ኋላና ወደ ፊት ሳይል ይዞራል።

የተተወው ዱካ ግን ዝም ተብሎ አይተውም። ካልተዘጋ ክረምቱን በሙሉ ውሃ እየሰበሰበ አዲሱን መንገድ በሚያቋርጥበት ቦታ ሁሉ ያፈርሰዋል። ስለዚህ በየጥቂት ሜትሩ የድንጋይ ወይም የእንጨት ክትር ተሠርቶበት፣ መሬቱ ተቆፍሮ ሣር ወይም ችግኝ ሊተከልበት ይገባል። ይህ ሥራ በጀት ሲያልቅ የሚዘለል የመጀመሪያው ሥራ መሆኑ የታወቀ ነው።

ቁልቁለቱን ያለ መሐንዲስ መለካት ይቻላል?

ይቻላል። የግብርና ልማት ሠራተኞች እርከን ሲቀይሱ የሚይዙት ላይን ሌቭል (በገመድ ላይ የሚንጠለጠል ውሃ ልክ) ለዚህም በቂ ነው። 10 ሜትር የሆነ ገመድ በሁለት ዘንጎች መካከል ተወጥሮ፣ ውሃ ልኩ መሐል ላይ ሲቆም በታችኛው ዘንግ ላይ ገመዱ ከመሬት ያለው ከፍታ በላይኛው ዘንግ ላይ ካለው በ1 ሜትር ከበለጠ ቁልቁለቱ 10 በመቶ ነው። ልኬቱ ከታች ወደ ላይ ወይም ከላይ ወደ ታች ሳይቋረጥ ተወስዶ፣ መስመሩ በችካል ምልክት ሊደረግበት ይገባል፤ ማሽን ከመምጣቱ በፊት። ችካል ያላገኘ የዶዘር ኦፕሬተር ለማሽኑ የቀለለውን መስመር ይይዛል፤ በሰዓት ለሚከፈልበት ማሽን ደግሞ የተበላሸውን መልሶ ማስተካከል ከልኬቱ ሥራ እጅግ ይወደዳል።

ውሃውን ከመንገዱ ላይ ማስወገጃው ዘዴ የትኛው ነው?

ሦስት ቅርጾች አሉ፤ ምርጫው በመሬቱ ይወሰናል።

የመጀመሪያው መንገዱን በሙሉ ወደ ቁልቁለቱ በኩል በትንሹ ማዘንበል ነው። 3.5 ሜትር ስፋት ባለው መንገድ ላይ በ4 በመቶ ማዘንበል ማለት የታችኛው ጠርዝ ከላይኛው 14 ሴንቲ ሜትር ዝቅ ይላል ማለት ነው። ውሃው ሳይከማች በመንገዱ ርዝመት ሁሉ ተበትኖ ስለሚወርድ ቦይም ቱቦም አያስፈልግም፤ ጥቂት መኪና ለሚያልፍበት የደን መንገድም ከሁሉ የሚረክሰው ይህ ነው። ጉድለቱ አፈሩ የሚያንሸራትት ሲሆንና ቁልቁለቱ ከ10 በመቶ ሲበልጥ የተጫነ መኪና ወደ ገደሉ የመንሸራተት አደጋ ያለበት መሆኑ ነው። እንዲህ ባለ ቦታ ሁለተኛው ቅርጽ፣ ማለትም መንገዱን ወደ ተራራው በኩል አዘንብሎ ከሥሩ ቦይ ማውጣት ይመረጣል፤ ነገር ግን ቦዩ ውሃውን ወደ ማዶ የሚያሻግር ቱቦ ወይም ዝቅታ በየርቀቱ ይፈልጋል።

ሦስተኛው መሐሉን ከፍ፣ ሁለቱን ጠርዞች ዝቅ ማድረግ ነው። በዚሁ 3.5 ሜትር መንገድ ላይ መሐሉ ከጠርዙ 9 ሴንቲ ሜትር ያህል ከፍ ቢል 5 በመቶ ይሆናል፤ በገር መሬትና በሜዳ ላይ የሚሠራው ይህ ነው። ሜዳ ላይ የሚሰምጠውን መንገድ የሚያድነውም ከሁለቱ የጎን ቦዮች የወጣውን አፈር መሐል ላይ ከምሮ፣ የመንገዱን ወለል ከአካባቢው መሬት በላይ ማድረግ ነው።

በየትኛውም ቅርጽ ላይ ግን የጎማ ጉድባ ውሃውን በመንገዱ ርዝመት መያዙ አይቀርም። ስለዚህ መንገዱን በትንሽ ሰያፍ አቋርጦ የሚያልፍ፣ ከታቹ ገር ጉብታ ያለው ሰፊ ዝቅታ በየተወሰነ ርቀት ያስፈልጋል። በቀላሉ በሚሸረሸር አፈር ላይ ቁልቁለቱ እስከ 5 በመቶ ከሆነ በየ40 ሜትሩ፣ ከ6 እስከ 10 በመቶ ከሆነ በየ30 ሜትሩ፣ ከ11 እስከ 15 በመቶ ከሆነ በየ20 ሜትሩ አንድ ማድረግ ተቀባይነት ያለው ልማድ ነው። አፈሩ ጠጠራማና ጽኑ ከሆነ ርቀቱ በእጥፍ ያህል ሊሰፋ ይችላል። በሰው ጉልበት ሲሠራ የሚታየው ስሕተት ዝቅታውን ጠባብና ጥልቅ አድርጎ መቆፈር ነው። ሾፌሩ ፍሬን ይዞ የሚንገጫገጭበት ቦይ ከወር በኋላ በድንጋይ ተሞልቶ ይገኛል፤ የሚሞላውም ራሱ ሾፌሩ ነው። ዝቅታው ከመግቢያ እስከ መውጫው ከ10 ሜትር በላይ ከተለጠጠ ግን የተጫነ መኪና ሳይቸገር ያልፍበታል።

ውሃውን የምናወጣበት ቦታ የጎረቤት ማሳ ቢሆንስ?

ከምህንድስናው ይልቅ ሥራውን የሚያስቆመው አብዛኛውን ጊዜ ይህ ጥያቄ ነው። ከላይ እስከ ታች የተጠራቀመን ውሃ በአንድ ቦታ በሰው ማሳ ላይ መልቀቅ በሁለት ክረምት ውስጥ ቦረቦር ይከፍታል፤ ባለማሳውም ቦዩን ቢደፍነው የሚወቀስበት ምክንያት የለም። መፍትሔው ውሃውን በትንሽ በትንሹ በብዙ ቦታ ማስወጣት፣ መውጫውንም ሣር ወይም ቁጥቋጦ ባለበት መሬት ላይ ማድረግ፣ ከመውጫው ሥርም የተደረደረ ድንጋይ ማኖር ነው። ነባር የጎርፍ መቀልበሻ ቦይ ወይም የተፈጥሮ ውሃ መውረጃ በአቅራቢያ ካለ ከዚያ ጋር ማገናኘት ይሻላል። መንገዱ የሚነካቸው ይዞታዎች ባለቤቶች በሙሉ፣ መስመሩ በችካል እንደተመለከተ፣ በቦታው ላይ ቆመው እንዲያዩትና ስምምነታቸው በቀበሌው የመሬት አስተዳደር ኮሚቴ ፊት በጽሑፍ እንዲያዝ ማድረግ ተገቢ ነው። በቃል የተሰጠ ፈቃድ ከመጀመሪያው ጎርፍ በኋላ አይገኝም።

ጉቶውንና ሥሩን መንቀል ግዴታ ነው? ግንድ ከሥር ቀብረን አፈር ብንሞላበትስ?

በመንገዱ ወለል ውስጥ ያለ ጉቶ መነቀል አለበት። ባሕር ዛፍ ከሆነ ካልተነቀለ መልሶ ያቆጠቁጣል፤ ሌላው ዛፍ ደግሞ ሲበሰብስ ባዶ ቦታ ትቶ መንገዱን ያሰረጉዳል። ከወለሉ ውጭ፣ በተለይ ከታችኛው ጠርዝ በኩል ያለውን ጉቶ ግን አሳጥሮ መቁረጥና መተው ይበልጣል፤ ሥሩ አፈሩን ይዞ ያቆየዋልና። ቅጠልና ሥራሥር የበዛበት ጥቁር የላይኛው አፈርም ከ15 እስከ 20 ሴንቲ ሜትር ያህል ተገፎ ለብቻው ሊቀመጥ ይገባል፤ ለመንገድ አይሆንም እንጂ የተቆረጠውን የአፈር ግድግዳ በሣር ለመሸፈን ከእሱ የተሻለ የለም።

በሙሌት ውስጥ ግንድና ቅርንጫፍ መቅበር በመሠረቱ የማይመከር ነው። አንድ ልዩ ሁኔታ አለ፤ ዓመቱን ሙሉ ውሃ በማይለየው ረግረግ ላይ ግንዶችን ከመንገዱ አግድም ጎን ለጎን ደርድሮ በላያቸው ላይ መሙላት በብዙ አገሮች የተለመደ የቆየ ዘዴ ነው። በውሃ ውስጥ እንደተቀበረ የሚቆይ እንጨት አየር ስለማያገኝ ቶሎ አይበሰብስም። በክረምት የሚርስና በበጋ የሚደርቅ ቦታ ላይ ግን ያው ግንድ በጥቂት ዓመታት ይበሰብሳል፤ የእኛ አገር አብዛኛው ጭቃ ደግሞ እንዲህ ያለው ነው።

ጉድባውን በአፈርና በቅርንጫፍ መሙላት ለምን አይበቃም?

ጭቃ ውስጥ የተጣለ የባሕር ዛፍ ቅርንጫፍ የቆመውን መኪና ለዚያ ቀን ያወጣል፤ ሌላ ጥቅም የለውም። በጉድባው ውስጥ የሚጨመር ልል አፈርም ሳይጠቀጠቅ ስለሚቀር በመጀመሪያው ዝናብ ከበፊቱ የከፋ ጭቃ ይሆናል። ትክክለኛው አሠራር የመንገዱን ወለል በግሬደር ወይም በዶማ እስከ ጉድባው ጥልቀት ድረስ ቆፍሮ ማላላት፣ ሁሉንም እንደገና ቅርጽ ማስያዝና ከ15 እስከ 20 ሴንቲ ሜትር በሆነ ንጣፍ እየከፈሉ መጠቅጠቅ ነው። የአፈሩ እርጥበትም ወሳኝ ነው። በእጅ ተጨምቆ ድቡልቡል ሆኖ የሚቆምና ሲጫኑት ወደ ጥቂት ቁራጮች የሚሰበር አፈር ለመጠቅጠቅ ዝግጁ ነው፤ እጅን የሚያረጥበው ገና ነው፤ የሚበተነው ደግሞ ውሃ ይፈልጋል።

መረሬ የሚባለው ጥቁር ሸክላማ አፈር ከዚህ ሁሉ የተለየ ነው። ሲርስ ያብጣል፤ ሲደርቅ ይሰነጠቃል፤ በምንም ዓይነት ቅርጽ ብቻ መንገድ አይሆንም። መስመሩን በዳር ወዳለው ቀይ ወይም ድንጋያማ መሬት ማዞር የማይቻል ከሆነ ወለሉን ከፍ አድርጎ ቢያንስ 30 ሴንቲ ሜትር የድንጋይና የገረጋንቲ ንጣፍ ማልበስ ያስፈልጋል፤ ወጪውንም ከመጀመሪያው ማወቅ ይገባል።

ወንዝና ፈፋ ስናቋርጥ ቱቦ እንቅበር ወይስ በድንጋይ እናንጥፍ?

በበጋ የሚደርቅ፣ ዳርቻው ገር የሆነ ፈፋ ከሆነ በትላልቅ ድንጋይና በሲሚንቶ የተነጠፈ መሻገሪያ ይበልጣል። ጎርፍ ሲመጣ ለጥቂት ሰዓታት ያስጠብቃል እንጂ አይደፈንም። በደን ውስጥ ቱቦ የሚያጠፋው የውሃው ብዛት ብቻ አይደለም፤ ጎርፉ ይዞት የሚመጣው ቅርንጫፍና ቅጠል አፉን ሲዘጋው ውሃው መንገዱን ቆርሶ ያልፋል። ቱቦ ማኖር ግድ ከሆነ ዲያሜትሩ 60 ሴንቲ ሜትር ቢሆን ሰው ገብቶ ሊያጸዳው ባይችል እንኳ በረጅም ዘንግ ማጽዳት ይቻላል። ቢያንስ 2 በመቶ ቁልቁለት እንዲኖረው፣ የሲሚንቶ ቱቦ ከሆነም ከላዩ 60 ሴንቲ ሜትር ያህል የተጠቀጠቀ አፈር እንዲለብስ ማድረግ ያስፈልጋል። መግቢያውና መውጫው በድንጋይ ግንብ ካልተያዙ ቱቦው ሳይሰበር ዙሪያው ይታጠባል።

ለአንድ ኪሎ ሜትር ስንት መኪና ገረጋንቲ ያስፈልጋል?

3.5 ሜትር ስፋትና ተጠቅጥቆ 15 ሴንቲ ሜትር ውፍረት ላለው ንጣፍ 525 ሜትር ኩብ ይሆናል። ልል ሆኖ ሲጫን 30 በመቶ ያህል ስለሚጨምር ወደ 680 ሜትር ኩብ፣ 16 ሜትር ኩብ በሚጭን ሲኖትራክ ሲሰላም ከ40 በላይ ምልልስ ማለት ነው። ይህን ያህል ገንዘብ ከሌለ መንገዱን በሙሉ ስስ አድርጎ ከመቀባት ይልቅ ዳገቶቹንና ሰምጠው የሚያስቸግሩትን ቦታዎች ብቻ በሙሉ ውፍረት ማልበስ ይሻላል። ጥሩ ገረጋንቲ ጠጠሩን የሚያጣብቅ ትንሽ ሸክላማ አፈር ያለበት ነው። በእንጅባራ ዙሪያ ካሉት የእሳተ ገሞራ ኮረብታዎች የሚወጣው፣ ብዙዎች ሬድ አሽ የሚሉት ቀይ ጠጠር ውሃ በማሳለፍ ጥሩ ነው፤ ብቻውን ግን አይያያዝም፤ ከከባድ ጎማ በታችም ስለሚደቅቅ ከቀይ አፈር ጋር መደባለቅ ወይም ከሥር ንጣፍነት ማዋል ይመረጣል።

በአዲሱ መንገድ ላይ ከሚያልፉት ሁሉ የሚከብደው መኪና ራሱ ገረጋንቲውን የሚያመጣው ነው። ስለዚህ መገልበጡ ከቅርቡ ጫፍ ተጀምሮ፣ መኪናው በለበሰው ላይ እየሄደ ወደ ውስጥ መግፋት አለበት።

ሥራው በየትኛው ወር ቢሠራ ይሻላል?

ኅዳር። አፈሩ ከክረምቱ የቀረ እርጥበት ስላለው ውሃ ሳይቀዳ ይጠቀጠቃል። ሕዝቡ ለተፋሰስ ሥራ በዘመቻ የሚወጣው በአብዛኛው በጥርና በየካቲት ስለሆነ፣ ለቦይ ቁፋሮና ለድንጋይ ሥራ ያ ጊዜ ሊውል ይችላል፤ በደረቅ አፈር ላይ ሙሌት ማድረግ ግን አይመከርም። ከሚያዝያ በኋላ የተጀመረ ሥራ ሳይረጋ ዝናብ ይደርስበታል። በ2003 ዓ.ም. የተጀመረው የገጠር መንገድ ተደራሽነት ፕሮግራም ቀበሌዎችን ክረምት ከበጋ በሚያገለግል መንገድ ማገናኘትን ያለመ ስለነበር፣ ከቀበሌው ማዕከል ወደ ደኑ የሚገባው ቅርንጫፍ ብዙውን ጊዜ በተጠቃሚዎቹ ጉልበት የሚሠራ ነው፤ የወሩ ምርጫም እንዲሁ በእነሱ እጅ ነው።

በተፈጥሮ ደን ውስጥ ያለ ዱካንም በዚሁ መንገድ ማስፋት ይቻላል?

አይቻልም፤ ወይም ቢያንስ የሚጀመረው በቁፋሮ አይደለም። አርሶ አደር በራሱ ይዞታ ላይ ያለማው ደንና የመንግሥት ወይም የማኅበረሰብ ደን በደን አዋጅ ቁጥር 1065/2010 ለየብቻ የታወቁ የይዞታ ዓይነቶች ናቸው። ካፋና ያዩ በ2002 ዓ.ም.፣ ሸካ ደግሞ በ2004 ዓ.ም. በዩኔስኮ የባዮስፌር ሪዘርቭነት ተመዝግበዋል፤ በእነዚህ ውስጥ ዋናው ጥብቅ ክፍል፣ መከለያውና የልማት ክፍሉ ተለይተው የተከለሉ ሲሆን መንገድ የሚፈቀደው እንደ ክፍሉ ነው። እኔ እንደማምነው ጥንቃቄው ከወረቀት በላይ ምክንያት አለው። ለጫካ ቡና መሰብሰቢያ በቅሎ የምታልፍበት ዱካ አይሱዙ ማሳለፍ ከጀመረ፣ ከቡናው ጋር ዋንዛና ቀረሮም መውጣት ይጀምራል። እንዲህ ባለ ቦታ ብዙ ጊዜ የሚበቃው ዱካውን ሳያሰፉ ውሃውን ማስወጣትና ለጋማ ከብት ምቹ ማድረግ ነው።

በለማው ደን ውስጥስ ጥላው መንገዱን አያበላሽም?

ያበላሻል። ጥቅጥቅ ብሎ የተተከለ ዲከረንስ ፀሐይና ነፋስ ስለሚከለክል መንገዱ ከዝናብ በኋላ ለቀናት ሳይደርቅ ይቆያል። ከሁለቱም ጠርዝ 3 ሜትር ያህል ከዛፍ ነፃ ቢደረግና ሣር ቢለብስ በቂ ነው።

መንገዱ ከተሠራ በኋላ ጥገናው ምን ይመስላል?

ከሰኔ በፊት ቦዮችንና የቱቦ አፎችን ማጽዳት፣ በክረምቱም ከእያንዳንዱ ከባድ ዝናብ በኋላ ሰው አካፋ ይዞ መስመሩን እንዲሄድ ማድረግ ዋነኞቹ ናቸው። በመጀመሪያው ሰዓት በሁለት አካፋ የሚከፈት መውጫ ከሳምንት በኋላ የማሽን ሥራ ይሆናል። በጎማና በግሬደር ተገፍቶ በጠርዙ ላይ የሚጠራቀመው የአፈር ግርዶሽ በየጊዜው መቆረጥ አለበት፤ እሱ ካለ መንገዱ የቱንም ያህል ቢያዘነብል ውሃው አይወጣም።

ሁለተኛው ጉዳይ መንገዱን መዝጋት ነው። መንገዱ በተሠራበት የመጀመሪያ ክረምት፣ ከዚያም በኋላ ዝናብ ከዘነበ ለአንድና ለሁለት ቀናት፣ የተጫነ መኪና እንዳይገባ በሰንሰለት ወይም በአግዳሚ እንጨት መዝጋት ተገቢ ነው። በእርጥብ ወለል ላይ የሚያልፍ አንድ ከባድ መኪና የሚተወው ጉድባ ለቀጣዩ ዝናብ ቦይ ይሆናል። የከሰል ነጋዴው መኪና በር ላይ ቆሞ ሲጠብቅ ቁልፉን የያዘው ሰው ጫና ስለሚበዛበት፣ ቁልፉ በአንድ ግለሰብ ሳይሆን በተጠቃሚዎቹ ኮሚቴ እጅ እንዲሆንና የመዝጊያው ደንብ አስቀድሞ ለነጋዴዎቹም እንዲነገር ይመከራል። ለጥገናው በየጭነቱ መጠነኛ ክፍያ የሚያስከፍሉ ከሆነም ደረሰኝ ይኑረው፤ ገንዘቡም ለቦይ ጠራጊው እንዲከፈል በዚያው ደንብ ይጻፍ።